ድምፃችሁ ቲቪ ላይ እንዳይጮህ፣ ዩቲዩብ ላይ እንዳይሞት፦ የላውድነስ አስተካከል ከሀ እስከ ፐ

ጅማ ላይ ክረምት ሲገባ ቲቪ ማየት ማለት ሪሞት ጨብጦ መቀመጥ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ፊልሙ አልሰማ ይላል፣ ቮልዩም ትጨምራላችሁ፣ ትንሽ ቆይቶ ማስታወቂያ ይገባና የተኛ ሕፃን ሁሉ ይነሳል። ሰው ታዲያ «ሆን ብለው ነው ቮልዩሙን የሚጨምሩት» ይላል። ሆን ተብሎስ ነው፣ ግን ቮልዩም የነካ ሰው ላይኖር ይችላል። የማስታወቂያውም የፊልሙም ከፍተኛ ጫፍ፣ ማለትም ፒኩ፣ እኩል ሊሆን ይችላል። ፊልሙ እዛ ጫፍ ላይ የሚደርሰው ጥይት ሲተኮስ ወይ ሰው ሲጮህ ብቻ ነው፣ ማስታወቂያው ግን ከጀመረ እስኪያልቅ እዛው ጫፉ ስር ተለጥፎ ነው የሚውለው። ጆሯችን ደግሞ ለአፍታ ብልጭ ያለውን ጫፍ ሳይሆን ቆየት ያለውን ነው የሚቆጥረው። ላውድነስ የሚባለውም ይሄ ጆሯችን የሚሰማው የጩኸት መጠን ነው።

ይሄን የምጽፈው በላፕቶፕ የሬዲዮ ስፖት፣ መዝሙር፣ መንዙማ፣ ፖድካስት፣ የሰርግ ቪዲዮ ምናምን ለምትሰሩ ነው። ትልቅ ስቱዲዮ አያስፈልግም። ላፕቶፕ፣ ደህና ሄድፎን፣ ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ መስሪያ ሶፍትዌር (ነፃ ነው) እና ዩሊን ላውድነስ ሚተር የሚባለው ፕላግኢን (ነፃ ቨርዥን አለው) ይበቃል። ሪፐር ወይ አዶቤ ኦዲሽን የምትጠቀሙም ካላችሁ ሂሳቡ አንድ ነው፣ የቁልፎቹ ቦታ ብቻ ነው የሚለያየው።

ከመለካታችሁ በፊት ምን እንደምትለኩ እወቁ

ስትቀርጹ የሚዘለው አረንጓዴ መስመር በዋናነት የሚያሳያችሁ ፒክ ነው። ዜሮ ጣራው ነው፣ ጣራውን የነካ ድምፅ ይቆረጣል፣ ሲሰማ ደግሞ ይሰነጠቃል። እንዳይሰነጠቅ ለመጠበቅ አሪፍ ነው፣ ምን ያህል እንደሚጮህ ግን አይነግራችሁም። ጎረቤት ጓ አድርጎ የዘጋው በርና መብራት ሲጠፋ ሙሉ ቀን የሚያጓራው ጄኔሬተር ፒካቸው እኩል ሊሆን ይችላል፣ ራስ የሚያመው የትኛው እንደሆነ ግን ማንም ያውቀዋል።

ለዚህ ነው ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት፣ አይቲዩ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ቢኤስ 1770 የሚባለውን የአለካክ ዘዴ ያወጣው። ሰዎችን ቁጭ አድርገው የተለያየ ድምፅ እያሰሙ እኩል እስኪመስላቸው ድረስ ቮልዩም እንዲያስተካክሉ አደረጉ፣ ከዛ የሰዎቹን ጆሮ በደንብ የሚከተል ቀመር ተመረጠ። ቀመሩ ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን፣ ይቀንሰዋል፣ ቀጭኑን ትንሽ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ቤዝ አብዝታችሁ ስፒከሩን ብታርገበግቡት እንኳ ሚተሩ ያን ያህል አይደነቅላችሁም።

መለኪያው ላፍስ ይባላል፣ አሜሪካኖቹ ኤልኬኤፍኤስ ይሉታል፣ አንድ ናቸው። ቁጥሩ ኔጌቲቭ ነው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ጩኸቱ ይጨምራል፣ ስለዚህ -14 ከ-23 በ9 ይበልጣል። አንድ ዲቢ (ዴሲቤል፣ የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ስትጨምሩ ላፍሱም በአንድ ይጨምራል፣ ደግነቱ ሂሳቡ እዚህ ጋ ቀላል ነው።

ሚተሩን ስትከፍቱት ሦስት ቁጥር ታያላችሁ። ሞመንታሪ የ400 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ ሲዘል ስለሚያዞር እኔ ብዙም አላየውም። ሾርት ተርም የመጨረሻዎቹን 3 ሰከንዶች ያሳያል፣ ሚክስ ስታደርጉ (ድምፆቹን ስታቀላቅሉ) ዓይናችሁ እሱ ላይ ይሁን። ኢንተግሬትድ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለውን አጠቃላይ ነው የሚሰጣችሁ፣ ጣቢያም ሆነ ዩቲዩብ የሚፈልገው ቁጥር እሱ ነው።

«ፕሮግራሜ ውስጥ ብዙ ዝምታ አለ፣ አማካዩን አያወርድብኝም ወይ?» ለምትሉ፣ አያወርድም። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ማሻሻያ መለኪያው ማጣሪያ ተጨምሮበታል፣ መጀመሪያ ከ-70 በታች ያለውን ዝምታ ይጥላል፣ ከዛ የተረፈውን አማክሎ ከአማካዩ ከ10 በላይ ዝቅ ያለውን ደግሞ ይጥላል። ማስታወቂያ ሰሪው መሀል ላይ ዝምታ ሰካክቶ ቀሪውን ለማስጮህ የሚሞክረው ዘዴም በዚሁ ተዘጋ።

1ኛ፣ ፋይሉ የት እንደሚሄድ ሳታውቁ ምንም አትንኩ

ሰው መጀመሪያ ሰርቶ ሲጨርስ ነው የሚጠይቀው፣ ከዛ እንደ አዲስ ይጀምራል። ቁጥሮቹ እንደመድረሻው ይለያያሉ።

ለቲቪና ለሬዲዮ የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ማኅበር፣ ኢቢዩ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው አር 128 የሚባለው አለ፦ ኢንተግሬትድ -23 ላፍስ፣ ትሩ ፒክ (የድምፁ እውነተኛ ጫፍ፣ 4ኛው ላይ አብራራዋለሁ) ከ-1 ዲቢ የማይበልጥ። አሜሪካኖቹ -24 ይላሉ፣ እነሱ ጋ ነገሩ እስከ ሕግ ሄዷል፣ ካልም አክት የሚባለው ሕግ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2010 ተፈርሞ በ2012 መጨረሻ ላይ ሥራ ላይ ዋለ፣ ማስታወቂያ ከፕሮግራሙ በላይ እንዳይጮህ የሚል ነው። እናንተ ለጣቢያ ስትሰሩ መጀመሪያ የጣቢያውን ቴክኒሻን ጠይቁ፣ «ስፔካችሁ ስንት ነው?» በሉ፣ ቁጥር ከሰጧችሁ የነሱን ውሰዱ። ካልሰጧችሁ -23 አድርጉና አስረክቡ፣ ዝቅ ብሎ ንፁህ የሆነ ፋይል እነሱ ጋ በሰከንድ ከፍ ይላል፣ እንዲጮህ ተብሎ የተጨፈለቀውን ግን ማንም አይመልሰውም።

የ30 ሰከንድ ስፖት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ 25 ሰከንድ ለስለስ ያለ ክራር አድርጋችሁ የመጨረሻዎቹን 5 ሰከንዶች ብታስጮኹ ኢንተግሬትዱ -23 አካባቢ እያሳየ ሾርት ተርሙ -15 ሊደርስ ይችላል። ኢቢዩ ይሄን ስለሚያውቅ ለአጫጭር ሥራዎች ሾርት ተርሙ ከ-18 እንዳያልፍ የሚል ተጨማሪ ሰነድ አውጥቷል። ስፖት የምትሰሩ ሁለቱንም ቁጥር ተመልከቱ።

ዩቲዩብ ወደ -14 አካባቢ ነው፣ ከዛ በላይ የጮኸውን ራሱ ይቀንሰዋል፣ ዝቅ ያለውን ግን ከፍ አያደርግላችሁም። ስፖቲፋይም -14 ነው፣ እሱ ዝቅ ያለውን ከፍ ያደርጋል፣ ግን ፒኩ ጣራ እስኪጠጋ ብቻ። አፕል ፖድካስት -16 ይፈልጋል፣ አንድ ወደላይ ወይ ወደታች ቢሆን ችግር የለውም፣ ትሩ ፒክ ከ-1 አይለፍ። ኔትፍሊክስ -27 ነው፣ እሱም ንግግሩን ብቻ ለይቶ ነው የሚለካው፣ እዛ የሚሸጥ ሥራ ያላችሁ ካላችሁ እንኳን ደስ አላችሁ።

የኔ አካሄድ፦ ንግግር ከሆነ -16፣ ሙዚቃ ከሆነ እስከ -14፣ ጣቢያ ከሆነ -23። ቴሌግራም ላይ በፋይል ለሚበተን መዝሙርና መንዙማ የ-14ቱን እሰጣለሁ።

2ኛ፣ ቀረጻ ላይ

የላውድነስ ሥራ ግማሹ እዚህ ነው የሚያልቀው። 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርትዝ አድርጉና ሰውየው ጠንከር አድርጎ ሲናገር ፒኩ -12 እና -6 መሀል እንዲያርፍ ጌኑን (የማይኩን የመግቢያ መጠን) አስተካክሉ። «ዝቅ አለኮ» ብላችሁ አትጨነቁ፣ ከፍ ማድረግ በኋላም ይቻላል። የተሰነጠቀ ግን ተሰነጠቀ።

የጅማ ትልቁ ጠላት የጀርባ ጫጫታ ነው። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ ባጃጅ፣ ከጎን ያለ ወፍጮ፣ ፍሪጅ። ለምን እንደሚያሳስብ በቁጥር ላሳያችሁ፦ ክፍሉ ዝም ሲል ጫጫታው -50 ነው እንበል፣ ሰውየው ከማይክ ርቆ ስለተቀረጸ ፋይሉን በ12 ዲቢ ከፍ ማድረግ ግድ ሆነባችሁ። ጫጫታውም አብሮ በ12 ይወጣና -38 ይሆናል። ቀረጻው ላይ ሄድፎን አድርጋችሁ እንኳ ያልሰማችሁት ፍሪጅ አሁን ከእንግዳው ጋር ያወራል። ስለዚህ ማይኩን ወደ አፍ አስጠጉት፣ አንድ ጭብጥ ተኩል ይበቃል፣ ፍሪጁን ንቀሉት (ስትጨርሱ መልሳችሁ ሰኩት፣ ይሄን የሚረሳ ብዙ ነው)፣ ክረምት ከሆነ ደመናው ሳይከብድ በጠዋት ቅረጹ። ሰው ማውራት ከመጀመሩ በፊት ደግሞ የክፍሉን ዝምታ ብቻ አሥር ሰከንድ ያህል ቅረጹ፣ በኋላ ኖይዝ ሪዳክሽን (ጫጫታ ቀናሹን ኢፌክት) ስትጠቀሙ እሱን ነው እንደ ናሙና የምትሰጡት። ኖይዝ ሪዳክሽኑን ግን ቀነስ አድርጉት፣ 6 ወይ 8 ዲቢ ይበቃል፣ 20 ካደረጋችሁት ሰውየው ጆግ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ነው የሚመስለው።

3ኛ፣ ድምፆቹን እርስ በርስ አስታርቁ

ብዙ ሰው ይሄን ዘሎ በቀጥታ ወደ ማስተር፣ ማለትም ሁሉም ተቀላቅሎ ወደሚወጣበት የመጨረሻው ድምፅ፣ ይሄዳል። ሄርማታ መርካቶ ውስጥ ቡና ነጋዴ ኢንተርቪው አደረጋችሁ እንበል፣ ጠያቂው ሸሚዙ ላይ ማይክ ሰክቷል፣ እንግዳው በስልክ ነው የተቀረጸው። ሾርት ተርሙን ስታዩት ጠያቂው -20 ላይ ይጫወታል፣ እንግዳው -29 ላይ። ጠቅላላ አማካዩን -16 ብታደርጉት ክፍተቱ ያው 9 ሆኖ ይቀራል፣ አድማጩ ጥያቄውን ሲሰማ ቮልዩም ይቀንሳል፣ መልሱን ሲሰማ ይጨምራል። ስለዚህ እያንዳንዱን ሰው በየራሱ ትራክ ላይ አስቀምጡና እንግዳውን በ7 ወይ 8 ዲቢ ከፍ አድርጉት። ለመግባባት ከ2 ያልበለጠ ልዩነት ቢቀር ጆሮ አይጎረብጥም።

ከዛ ለእያንዳንዱ ቀለል ያለ ኮምፕረሰር (የጮኸውን ዝቅ የሚያደርግ ኢፌክት)፦ ሬሺዮ 3 ለ1፣ አታክ 10 ሚሊ ሰከንድ፣ ሪሊዝ 100 አካባቢ፣ ትሬሾልዱን ደግሞ ሰውየው ጠንከር ሲል ከ3 እስከ 6 ዲቢ እንዲቀንስ አድርጋችሁ አውርዱት። ሰውየው ሲስቅ የሚዘለውንና የዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ የሚውጠውን ያቀራርብላችኋል። የጀርባ ሙዚቃ ካለ ከንግግሩ ቢያንስ በ15 ዝቅ ይበል፣ ሙዚቃው ግጥም ካለው እንዲያውም ከዛም በላይ፣ ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲያወራ ማንም አይሰማም።

4ኛ፣ ለኩ

ኦዳሲቲ ከ3.6 ቨርዥን ጀምሮ ማስተሩ ላይ ፕላግኢን ማስገባት ይቻላል፣ ዩሊንን እዛ አስገቡት፣ ሪሴት በሉት፣ ከዛ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አጫውቱት። ሙሉውን። መሀል ላይ ጀምራችሁ የምታገኙት ኢንተግሬትድ የዛ ቁራጭ እንጂ የፕሮግራሙ አይደለም። የአንድ ሰዓት ፕሮግራም አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ግን ያው እግረ መንገዳችሁን ታዳምጡታላችሁ፣ ካላዳመጣችሁት ፋይል ማስረከብም ጥሩ አይደለም።

ሁለት ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ኢንተግሬትድና ከፍተኛው ትሩ ፒክ። ትሩ ፒክ ከተራው ፒክ የሚለየው በናሙናዎቹ መሀል ያለውንም ጭምር ስለሚገምት ነው፤ ተራው ሚተር -0.2 እያለ ድምፁ ወደ ስፒከር ሲወጣ ዜሮን ሊያልፍ ይችላል።

5ኛ፣ አሁን አስተካክሉ

የቡና ነጋዴው ኢንተርቪው ተለካና ኢንተግሬትድ -20.6፣ ትሩ ፒክ -3.2 አሳየ እንበል። የምንፈልገው -16 ነው። ስለዚህ 4.6 ዲቢ መጨመር አለበት። ፒኩም አብሮ በ4.6 ይወጣል፣ -3.2 የነበረው +1.4 ይሆናል፣ ጣራውን አለፈ ማለት ነው። ጣራችን -1 ስለሆነ ሊሚተሩ (ጣራ የሚያልፈውን ጫፍ የሚቆርጠው ኢፌክት) 2.4 ዲቢ መቁረጥ ይኖርበታል። 2.4 ለንግግር ምንም ማለት አይደለም፣ ማንም አይሰማውም።

ኦዳሲቲ ላይ ትራኮቹን ወደ አንድ ሚክስ ካደረጋችሁ በኋላ ሁሉንም ምረጡ፣ ኢፌክት፣ ቮልዩም ኤንድ ኮምፕሬሽን፣ ላውድነስ ኖርማላይዜሽን። ከአማራጮቹ ፐርሲቭድ ላውድነስ የሚለውን ይዛችሁ -16 ጻፉ። መጀመሪያ ስትከፍቱት -23 ነው የሚያሳየው፣ ያ የጣቢያው ነው፣ ዝም ብላችሁ አፕላይ እንዳትሉ። ሞገዱ ጣራውን አልፎ ቀይ ቢያሳያችሁ አትደንግጡ፣ ኦዳሲቲ ውስጥ ለውስጥ 32 ቢት ፍሎት ስለሚጠቀም እስክታስወጡት ድረስ የተቆረጠ ነገር የለም። ቀጥሎ ሊሚተር፣ ጣራው -1። ቅደም ተከተሉን አታገላብጡት፣ ሊሚተሩ ቀድሞ ኖርማላይዙ ከተከተለ ፒኩ ተመልሶ ይወጣል። በመጨረሻ እንደገና ለኩ፣ ሊሚተሩ ትንሽ ስለሚያወርደው -16.2 ወይ -16.3 ልታገኙ ትችላላችሁ፣ ተውት።

መንዙማና መዝሙር ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ድቤውም ከበሮውም ሲመታ ጫፉ ረጅም ነው፣ ድምፁ ግን ወዲያው ይሞታል፣ የሚያዜመው ሰው ደግሞ ለስለስ ብሎ ነው። ለክታችሁ ኢንተግሬትድ -22፣ ትሩ ፒክ -2 ታገኛላችሁ። ወደ -14 ለመውሰድ 8 መጨመር አለባችሁ፣ ፒኩ +6 ይሆናል፣ ሊሚተሩ 7 ዲቢ ይቆርጣል። ከ3 ወይ 4 ሲያልፍ ከበሮው «ዱም» ማለቱ ቀርቶ ካርቶን ሳጥን የሚመታ ይመስላል፣ በያንዳንዱ ምት ላይ ደግሞ የዘማሪው ድምፅ ወደ ውስጥ ይገባና ይመለሳል። መፍትሔው ማስተሩ ላይ የለም፣ ወደ ሚክሱ ተመለሱ፦ የከበሮው ትራክ ላይ ብቻ ሊሚተር አድርጋችሁ ጫፉን በ3 ወይ 4 ቁረጡ፣ የዘማሪውን ድምፅ በኮምፕረሰር አሳድጉ፣ ከዛ እንደገና ለኩ። አሁንም ካልደረሰ -16 ላይ አቁሙት። ዩቲዩብ ላይ በ2 ዝቅ ያለ ግን ሕይወት ያለው ከበሮ ይሻላል፣ በዚህ ላይ አልከራከርም።

ደንበኛው ይከራከራል እንጂ። «ወንድሜ ትንሽ አስጩኽልኝ፣ የእከሌ ሥራ ይበልጣል» ይላል፣ ስልኩን አውጥቶ ያሰማችኋል። በቃል አታስረዱት፣ አይሰማም። የእከሌን ፋይል ላፕቶፕ ላይ ክፈቱና ለኩት፣ -8 ነው እንበል፣ የናንተ -14 ነው። የእከሌን በ6 ቀንሱና ሁለቱን እያፈራረቃችሁ አሰሙት፣ ዩቲዩብም የሚያደርገው ይሄንኑ ነውና። እኩል ሲሆኑ የተጨፈለቀው ጠፍጣፋ ሆኖ ይሰማል። አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ «እንግዲያ ይሄው ይሁን» ይላል። የማይለውን ደግሞ የሱንም -9 አድርጋችሁ ስጡት፣ ገንዘብ የከፈለው እሱ ነው፣ የ-14ቱን ግን እናንተ ጋ አስቀሩት።

ስለ ሞኖ

ብዙ የሬዲዮና የፖድካስት ፋይል ሞኖ ነው። መለኪያው የሁለቱን ቻናል ጉልበት ስለሚደምር አንድ ቻናል ላይ -19 የሚለካ ድምፅ በሁለት ስፒከር ሲወጣ -16 ይሆናል። ኦዳሲቲ ላውድነስ ኖርማላይዜሽን ላይ ሞኖን እንደ ዱዋል ሞኖ ቁጠር የሚል ምልክት አለ፣ ሲከፈት ምልክት ተደርጎበት ነው የሚመጣው፣ አትንኩት። ሌላ ሶፍትዌር ላይ ሞኖ ፋይል ለክታችሁ ቁጥሩ በ3 ከጎደለባችሁ ምክንያቱ ይሄ ነው፣ ሚተሩ አልተበላሸም።

6ኛ፣ አውጡት

መጀመሪያ 24 ቢት ዌቭ አውጡና ማስተር ብላችሁ አስቀምጡ። ጣቢያ በፍላሽ የምትወስዱት ከዚህ ወደ -23 የወረደውን 48 ኪሎኸርትዝ ዌቭ ነው፣ ወደ -23 ስትወርዱ ሊሚተር ጨርሶ ላያስፈልግ ይችላል። ለጣቢያ ኤምፒስሪ አትስጡ። ኤፍኤም ጣቢያዎች ከማስተላለፊያው በፊት የራሳቸው ፕሮሰሰር ይኖራቸዋል፣ እሱ ራሱ ይጨፈልቃል፣ የተጨፈለቀ ላይ ጭፍለቃ ሲጨመር ሌሊት አጋሮ መንገድ ላይ በመኪና ሬዲዮ ስትሰሙት የሚያንሿሿው ነገር ነው የሚመጣው።

ኤምፒስሪ የምታወጡ ከሆነ ፒኩ ላይ ተጠንቀቁ፣ ሲጨመቅ ሞገዱ ትንሽ ስለሚቀየር ጫፉ ከፍ ይላል። 192 ኪሎቢት እና ከዛ በላይ ከሆነ -1 ይበቃል፣ 128 ወይ ከዛ በታች ከሆነ ሊሚተሩን -2 አድርጉት።

ኮማንድ ላይን የምትወዱ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ላውድኖርም የሚባል ፊልተር አለ፣ መቶ ፋይል አንዴ ይሰራላችኋል። ሁለት ዙር አድርጉት፣ መጀመሪያ ይለካ፣ የለካውን ቁጥር መልሳችሁ ስጡት፣ ከዛ ያስተካክል። በአንድ ዙር ካደረጋችሁት እየሄደ ከፍ ዝቅ ስለሚያደርገው ዝምታው መሀል ጫጫታው ሲያብጥ ትሰማላችሁ። ሌላው፣ ሳትነግሩት ፋይሉን 192 ኪሎኸርትዝ አድርጎ ሊያወጣው ይችላልና ሳምፕል ሬቱን 48 ኪሎኸርትዝ ብላችሁ ራሳችሁ ጻፉለት።

7ኛ፣ ከተጫነ በኋላ አረጋግጡ

ዩቲዩብ ላይ ቀጥታ ፐብሊክ አታድርጉት። አንሊስትድ አድርጋችሁ ጫኑ፣ በኮምፒውተር ክፈቱት፣ ቪዲዮው ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና ስታትስ ፎር ነርድስ የሚለውን ምረጡ። የሚወጣው ጥቁር ሳጥን ውስጥ ቮልዩም የሚል መስመር አለ። ኮንቴንት ላውድነስ 4.2 ዲቢ ካለ ከነሱ ልክ በ4.2 ጮኸዋል ማለት ነው፣ ኖርማላይዝድ የሚለው ወደ 62 ፐርሰንት ወርዶ ታዩታላችሁ፣ ያን ሁሉ ጭፍለቃ መልሰው ቀንሰውታል። -5 ካለ ደግሞ 100 ፐርሰንት እንዳለ ይቆያል፣ ማለትም ማንም አልጨመረላችሁም፣ ከናንተ ቀጥሎ የሚመጣው ቪዲዮ ይበልጣችኋል። ዜሮ አካባቢ፣ በንግግር ደግሞ እስከ -2 ከሆነ ጨርሳችኋል። ስልክ ስፒከር ላይም አንዴ ስሙት፣ ቤዙ እዛ ስለማይወጣ ንግግሩ ብቻውን መቆም መቻሉን ያኔ ነው የምታውቁት። ቁጥሩ ልክ ካልሆነ አጥፍታችሁ እንደገና መጫን ነው፣ ዩቲዩብ የተጫነ ቪዲዮን በሌላ ፋይል መተካት አይፈቅድም፣ ሊንኩን ከበተናችሁት በኋላ ከሆነ ደግሞ የበተናችሁት ሊንክም አብሮ ይሞታል።